ጥቃት የማይበትነው የወፎች መንጋ በኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከሞካከራችሁ ይህ ለቅዳሜ ከሰዓት የሚሆን ሥራ ነው። ላፕቶፕ ይበቃል፤ ድሮን አትግዙ።

መጀመሪያ ሰባት ወፎችን ስክሪኑ ላይ በትኑ። ለእያንዳንዳቸው ቦታና ፍጥነት ስጡ። ግባችን የ‹ቪ› ቅርጽ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ ሦስት ሦስት በጎንና በጎን።

ቀጥሎ የቅጣት ነጥብ አውጡ። ፊቱ የተከለለበት ወፍ ይቀጣል። ፍጥነቱ ከጓደኞቹ የተለየም ይቀጣል። ከፊተኛው ወፍ ክንፍ ጫፍ ወደ ላይ የሚነሣውን አየር ያልተጠቀመም እንዲሁ። ‹ቪ›ን የሚፈጥረው በዋናነት ይህ ሦስተኛው ነው። በ2014 የታተመ ጥናት አይቢስ በተባሉ 14 ወፎች ላይ መሣሪያ አስሮ ይህንኑ አይቷል። (የዚሁ ዝርያ ወፎች በ2006 ከሶሪያ በሳተላይት ሲከታተሏቸው፣ ተሰደው ያረፉት እኛው ደጋ ላይ ነበር።)

አሁን ትንበያው። ኮምፒውተሩ ብዙ አማራጭ እየሞከረ ጥቂት እርምጃ ወደፊት ያሰላል፤ ቅጣቱ የሚያንሰውን ይመርጣል። የሚፈጽመው ግን የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና ያሰላል። ዳማ ተጫዋች አምስት እርምጃ ቢያስብም የሚያነሣው አንድ ቆርኪ ነው።

ስንት እርምጃ ይታይ? እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው። ሁለት ስል መንጋው መሃል መንገድ ላይ ተገተረ። ቅርጹ እንዲስተካከል አንዱ ሌላውን ማለፍ አለበት፤ ሲያልፍ ደግሞ የሌላውን እይታ ይከልላል፣ ቅጣቱም ለጊዜው ይጨምራል። ስለዚህ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሃያ ስል ላፕቶፑ ጋለ። መላው፦ ከአንድ ጀምሩ። ቅጣቱ በቂ ካልቀነሰ አንድ ጨምሩ፤ ሲቀንስ ወደ አንድ ተመለሱ። ጣሪያም አብጁለት።

ከዚያ አጥቁት። መሪውን አጥፉት፤ የቀሩት አዲስ መሪ አበጅተው ይሰለፋሉ። ቀላሉ ጥቃት ይህ ነው። ሁለት ወፎችን ከቦታቸው መግፋት ግን መንጋውን ይበልጥ ይፈትነዋል፤ በተለይ አጥቂው ራሱ ወደፊት እያሰላ ከገፋ።

ክፉው ጥቃት ውሸት ነው። በ2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የአንዲት ሰው አልባ ሄሊኮፕተርን ጂፒኤስ በሐሰተኛ ምልክት አሳስተዋል። እናንተም አንዱ ወፍ የተሳሳተ ፍጥነት ይናገር። መከላከያው ቀላል ነው፦ የጎረቤቶችን ፍጥነት ስታነጻጽሩ ትልቁንና ትንሹን ጣሉ፣ የቀረውን አማካይ ውሰዱ። ውሸታሙ ሳይጣል ቢቀር እንኳ ቁጥሩ በእውነተኞቹ መሃል ያለ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ለአንድ ውሸታም ቢያንስ ሦስት ጎረቤት ያስፈልጋል፤ ለሁለት፣ ሁለት ሁለት ከየጫፉ እየጣላችሁ አምስት።

በመጨረሻ መቶ ጊዜ ከተለያየ መነሻ አስነሡትና ስንቴ ወደ ‹ቪ› እንደተመለሰ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ካቃተው መጀመሪያ ጣሪያውን ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።