ጀልባው በረዶ ሲይዘው፦ በእንግሊዝ ቦዮች ላይ የክረምት እረፍት ችግርና መፍትሄ

እንግሊዝ አገር ጀልባ ተከራይቶ በቦይ ላይ እየተጓዙ ጥቂት ቀን ማሳለፍ የተለመደ ነው። ጀልባዎቹን ናሮውቦት ይሏቸዋል። ወርዳቸው 2 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፤ ርዝመታቸው ግን 20 ሜትር የሚያልፍ አለ። ውስጣቸው አልጋ፣ ማዕድ ቤት፣ ሻወርና የድንጋይ ከሰል ምድጃ አለ። አብዛኞቹ አከራዮች በብርዱ ወራት ይዘጋሉ። ለፈረንጆች ገናና ለአዲስ ዓመት የሚያከራዩም አሉ። የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። ሁለቱን በዓል አያይዞ ቤተሰቡን ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት የሚያምረው ሐበሻ አይጠፋም።

ታዲያ ቦይ እንደ ወንዝ አይፈስም። ጥልቀቱም ብዙ ቦታ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሌሊቱ ደጋግሞ ከዜሮ በታች ከወረደ ላዩ በረዶ ይሠራል። ዛፍ ያጠላበትና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ቀድሞ ይረጋል፣ መጨረሻ ላይ ይቀልጣል። በፈረንጆቹ 1962/63 ክረምት ቦዮቹ ለሳምንታት ረግተው የጭነት ጀልባዎች ባሉበት ተገትረው ቀርተዋል። የ2010 ዲሴምበርም በብሪታኒያ ከ100 ዓመት ወዲህ እጅግ ቀዝቃዛው ዲሴምበር ነበር። ያኔም ብዙ ጀልባ ከቦታው መነቃነቅ አቅቶት ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብዙ ሰው በረዶ ሲመጣ እረፍቱን የሚያበላሸው ካልሄድኩ ብሎ ሲታገል ነው። ቆሞ መዋል በራሱ ምንም አይልም፤ ጀልባው እኮ ቤት ነው። ሙቀት፣ ውሃና መብራት ካለ በዓሉ ባለበት ይከበራል።

ጠዋት ስትነሱ ዙሪያው በረዶ ነው። መሄድ ይቻላል?

መጀመሪያ ውፍረቱን እዩ። ጀልባው ጣሪያ ላይ ረጅም እንጨት አለ፤ በሱ መታ አድርጉት። ወዲያው ከተሰነጠቀና ስስ ከሆነ፣ እስከ እኩለ ቀን ብትጠብቁ ራሱ ሊላላ ይችላል። እንጨቱ ነጥሮ ከተመለሰ ግን ነገሩ አልቋል፤ ሻይ አፍሉ።

«የብረት ጀልባ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የጎኑ ብረት አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ስስ በረዶ ይሰብራል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም በውሃው መስመር ላይ ተፍቆ ይነሳል። ቀለሙ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ የሚቀባ ስለሆነ፣ መፋቁ ለባለቤቱ ወጪ ነው።

የባሰው ጉዳት የሚደርሰው በጎረቤት ላይ ነው። የምትሰብሩት በረዶ ወደ ጎን ይገፋል። ዳር ላይ የታሰረ የፋይበርግላስ ወይም የእንጨት ጀልባ ካለ፣ የበረዶው ስለት ጎኑን ይቆርጠዋል። ባለቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ድምፁም ቀላል አይደለም፤ ብረት ሲፋቅ ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ በአጠገቡ የፋይበርግላስ ጀልባ የታሰረበትን መስመር በረዶ እየሰበሩ ማለፍ፣ ለእኔ፣ ነውር ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ለዚህ ሥራ ለብቻው የተሠራ ጀልባ ነበራቸው። ፈረሶች ከፊት ይጎትቱታል። ሰዎች መሃሉ ላይ ያለውን ብረት ይዘው በግራና በቀኝ እያወዛወዙት በረዶውን ይሰብራል። እናንተ የተከራያችሁት የመዝናኛ ጀልባ ነው።

መፍትሄው አከራዩ ጋ መደወል ነው፤ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት። በረዶ መስበር በውላቸው ላይ የሚከለክሉ አሉ። ከልክለው እያለ ብትሄዱና ጉዳት ቢደርስ፣ ያስያዛችሁት ገንዘብ አደጋ ላይ ነው።

መሪውን አዞራችሁ፣ ጀልባው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል

ተፈቅዶላችሁ በስስ በረዶ ላይ ስትሄዱ የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። መሪው አልተበላሸም። ናሮውቦት የሚዞረው በወገቡ አካባቢ ነው። አፍንጫው ወደ ግራ እንዲዞር ጅራቱ ወደ ቀኝ መውጣት አለበት። በረዶው ግን ጅራቱን ከጎንና ከጎን ይዞታል። ስለዚህ ጀልባው ራሱ በቀደደው መስመር ይነጉዳል፤ ከፊት ያለው የድልድይ ግንብ ቢሆንም።

ነዳጅ አትጨምሩ። ፍጥነት ቀንሱ፣ በተሰበረው መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ መሪውን አስተካክላችሁ ቀስ ብላችሁ እንደገና ግቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትመላለሱ ቦታው ይሰፋል። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ግን ፕሮፔለሩ የበረዶ ስብርባሪ ወደራሱ ይስባል። ኳኳታ ከሰማችሁ ወዲያው ማርሹን አውጡ። ፍሬን የሌለው ነገር ስለሆነ ለመቆም ከወትሮው ብዙ ርቀት ተዉለት። ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ወይም ላስቲክ ተጠምጥሞ ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ሳትከቱ እጃችሁን ወደዚያ እንዳታስገቡ።

የሎኩ በር እስከ መጨረሻው አይከፈትም

ሎክ ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያወጣ፣ በሁለት ጫፉ በር ያለው የግንብ ጉድጓድ ነው። በሩ ሲከፈት ግንቡ ላይ የተዘጋጀለት ማረፊያ አለ። ተንሳፋፊ በረዶ እዚያ ገብቶ ይታጨቃል፤ በሩም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በጉልበት ብትገፉት ዋጋ የለውም። መለስ አድርጋችሁ ዝጉት፣ በረዶውን በረጅሙ እንጨት ከበሩ ጀርባ ገፍታችሁ አውጡት፣ እንደገና ክፈቱት። እጅና ወገብ የሚፈታ ሥራ ነው።

ጠባቦቹ ሎኮች ላይ ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ወርዳቸው 2.13 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጀልባው ደግሞ 2.08። ልዩነቱ 5 ሳንቲም ብቻ ነው። በጀልባውና በግንቡ መካከል የበረዶ ቁራጭ ከገባ ጀልባው ይቀረቀራል። ውሃው እየወረደ ጀልባው ከተንጠለጠለ ደግሞ ዘጭ ብሎ ሊወድቅ ወይም ሊገለበጥ ይችላል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ጀልባውን ብቻ ይመልከት። ማዘንበል ሲጀምር ውሃ የሚያስወጡትን መዝጊያዎች ወዲያው ይዝጋ፣ ከላይ በኩል ውሃ መልሶ ይሙላ። የበሩ እንጨትና የግንቡ ጠርዝ በረዶ ስለለበሱ ከበር ወደ በር መዝለል የለም። ዞራችሁ ሂዱ።

ሎኩ ጭራሽ ተዘግቷል፣ ውሃም የለውም

ይሄ የበረዶ ጥፋት አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውሃ መንገድ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት፣ ትልልቅ ጥገናዎቹን የሚሠራው ሰው በሚቀንስባቸው በኖቬምበርና በማርች መካከል ባሉት ወራት ነው። የሚዘጉትን ቦታዎች አስቀድሞ ያሳውቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። በክረምት ከሆነ ደግሞ ሎክ የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት መስመር ምረጡ።

ቧንቧው ውሃ አይሰጥም

ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ማጠራቀሚያው ባዶ ነው፣ ቧንቧው ረግቷል፣ ወይም ረግቶ ተሰንጥቋል። የውሃውን ፓምፕ አድምጡ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ ዝም የማይል ከሆነ ማጠራቀሚያውን እዩ። ውሃ ካለው የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ስለሆነ አጥፉትና ወለሉን ፈትሹ። ቧንቧው ረግቶ ከሆነም ፓምፑን አጥፉ፣ ቧንቧዎቹን ክፈቱ፣ ቤቱን በምድጃ ቀስ ብላችሁ አሙቁ። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ መጠቅለል ይረዳል። ክብሪት፣ ላይተር ወይም የጋዝ እሳት ማስጠጋት ግን የለም፤ ቧንቧው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ እንጨት።

ጀልባውን ትታችሁ የምታድሩ ከሆነ ፓምፑን አጥፍታችሁ የሻወሩን ጨምሮ ቧንቧ ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ ሂዱ። ውሃ የሚሞላበት የቦዩ ዳር ቧንቧም ራሱ ሊረጋ ይችላል። አንድ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ውስጥ ማስቀመጥ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ጋዙ አለ፣ ምድጃው ግን አይነድም

ሲሊንደሩን ብትነቀንቁት ፈሳሹ ይሰማል፤ እሳቱ ግን ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል። ሲሊንደሩ ሰማያዊ ከሆነ ውስጡ ያለው ቡቴን ሊሆን ይችላል። ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ቀዩ ፕሮፔን ነው፤ እሱ ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ አይበገርም። ለክረምት ቀዩን ጠይቁ። ሲሊንደር ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስም ሆነ እሳት ማስጠጋት በጭራሽ አይሞከርም።

ማሞቂያው ሌሊት ላይ ይጠፋል

ምክንያቱ በአብዛኛው ባትሪ ነው። የናፍጣ ማሞቂያ ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ባትሪው ከደከመ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ቀኑ 8 ሰዓት ስለማይሞላ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ሲጓዙ ሞተሩ ባትሪውን ይሞላው ነበር። አሁን ቆማችኋል። ስለዚህ ቀን ላይ ጥቂት ሰዓት ሞተሩን አስነሱት። ሌላ ሰው አጠገባችሁ ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አታስነሱ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ዋናውን ሙቀት ግን ከከሰል ምድጃው አግኙ። እሱ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

መስኮቱ ያላበዋል፣ ራስ ያማል

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳሁት ስለሚያያዙ ነው። ሰው ሲተነፍስ፣ ምግብ ሲበስል፣ ልብስ ሲሰጣ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ብረትና መስተዋት ላይ ያርፋል። ውሃው ሲንጠባጠብ ሰው ይበርደዋል፤ በርዶት የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ ይወትፋል። አደጋው እዚህ ጋ ይጀምራል። ምድጃ እየነደደ የአየር ማስገቢያ ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው።

እኛን በተለይ የሚመለከተው ቡናው ነው። በዓል ያለ ቡና አይሆንም። ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ጀልባ ውስጥ ማስገባት ግን ራስን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ማፈን ነው። «ውጭ አቀጣጥለነው፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምናስገባው» ማለት አያድንም። ጭሱ ያለቀ ፍምም ጋዙን ይለቃል። ጀበናውን የጋዝ ምድጃው ላይ ጣዱት፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ። ከሰሉ ካልቀረ ሙሉውን ሥነ ሥርዓት ቦዩ ዳር አውጡት፤ ጋቢ ለምን ተሠራ? ዕጣኑም እዚያው ይጨስ። ከ2019 አፕሪል ጀምሮ በጀልባ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ምሽት የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑት። ቁልፉን ሳትነኩት በራሱ ከጮኸባችሁ ግን እሳቱን ተዉት፣ ሰዉን ሁሉ አውጡ፣ ከዚያ የድንገተኛ አደጋ ስልክ 999 ደውሉ።

ሽንት ቤቱ ሞላ

ማራገፊያው ጣቢያ ከበረዶው ማዶ ነው። ተነቃይ ሳጥን ያለው ዓይነት ከሆነ ትርፍ ሳጥን ከአከራዩ ጠይቁ፤ የሞላው በእጅ ጋሪ ይሄዳል። ቦዩ ውስጥም ሆነ ጫካ ውስጥ መድፋት ክልክል ነው። እስከዚያው በየካፌው ሽንት ቤት ተጠቀሙ።

ልጆቹ በረዶው ላይ እንውጣ አሉ

አይሆንም። የቦይ በረዶ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ድልድይ ሥር፣ ሎክ አጠገብ፣ ጀልባ ሰብሮት እንደገና በረጋበት ቦታ ስስ ነው። ሰው ከገባ ተከትላችሁት አትግቡ። ገመድ ወይም ረጅሙን እንጨት ዘርጉለት፣ 999 ደውሉ። ከጀልባው ጠርዝ ላይም ሰው ስለሚንሸራተት የሕይወት ጃኬት ውጭ ለሚወጣ ሁሉ ይለበስ።

መመለሻው ቀን ደረሰ፣ በረዶው ግን አልቀለጠም

አከራዩ ሁኔታውን ያውቀዋል፤ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ደውላችሁ የት እንዳላችሁ በድልድይ ቁጥር ንገሩት፤ አብዛኛው ድልድይ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ጀልባውን ባለበት አስራችሁ በታክሲ እንድትመለሱ ይስማማል። በወንዝ በኩል ልዙር ብላችሁ ግን አታስቡ። ወንዝ ባይረጋም በረዶ ሲቀልጥና ዝናብ ሲጨመር ሞልቶ በኃይል ይወርዳል።

ይሄ ሁሉ ሳይመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። በረዶ ላይ መሄድ ይፈቀዳል ወይ? ጀልባው ከመነሻው መውጣት ካልቻለ እዚያው ታስሮ ማደር ይቻላል ወይስ ገንዘብ ይመለሳል? የታክሲውንና ጀልባውን የማምጣቱን ወጪ ማን ይችላል? ከሰሉስ ስንት ከረጢት ነው፣ ቢያልቅ ማን ያመጣል?