በፐፔት አንድ ዓይነት ሪሶርስ ሲበዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ፐፔት ሰርቨሮች ላይ ምን መኖር እንዳለበት በኮድ ተጽፎ በራሱ እንዲያዋቅራቸው የሚደረግበት መሣሪያ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ አንድ ድረ ገጽ ብቻ እስካለ ድረስ የፐፔት ኮድ እምብዛም አያስቸግርም። ድረ ገጾቹ ሃያ፣ የተጠቃሚ አካውንቶቹ ሠላሳ ሲሆኑ ግን ጣጣው ይጀምራል። የጣጣው ምንጭ ሁለት ነገር ነው። ፐፔት ለእያንዳንዱ ሰርቨር በሚያዘጋጀው ካታሎግ (ሰርቨሩ ላይ መኖር ያለባቸው ነገሮች ዝርዝር) ውስጥ ሪሶርስ፣ ማለትም እንደ ፋይል፣ ፓኬጅ ወይም አካውንት ያለ አንድ ነገር፣ የሚታወቀው በዓይነቱና በታይትሉ (በኮዱ በተሰጠው ስም) ስለሆነ፣ ዓይነታቸውም ታይትላቸውም አንድ የሆነ ሁለት ሪሶርሶች አብረው አይገቡም። በዚያ ላይ ፐፔት ቴራፎርም እንደሚባለው ሌላ መሣሪያ ስቴት ፋይል፣ ማለትም የነበረውን ሁኔታ መዝገብ፣ ይዞ "ትናንት የነበረው ዛሬ የት ሄደ?" ብሎ አይጠይቅም። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከእነዚህ አንዱን በመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ክላስን ደጋግሞ መጠቀም

ክላስ፣ ማለትም ስም የተሰጠው የሪሶርሶች ስብስብ፣ በአንድ ካታሎግ ውስጥ አንዴ ብቻ ይኖራል። ኢንክሉድ እያላችሁ አሥር ጊዜ ብትጠሩትም ያው አንዱ ነው፤ የተለያየ ፓራሜትር ሰጥታችሁ ሁለቴ ልታውጁት ከሞከራችሁ ደግሞ ካታሎጉ አይጠናቀርም። በብዛት የሚፈጠር ነገር የሚጻፈው በዲፋይንድ ታይፕ፣ ማለትም የተለያየ ታይትል እየተሰጠው ደጋግሞ ሊታወጅ በሚችል የሪሶርሶች ስብስብ፣ ነው።

በዲፋይንድ ታይፕ ውስጥ ቋሚ ታይትል መጻፍ

ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ለቨርቹዋል ሆስት (ሰርቨሩ ላይ ላለ የአንድ ድረ ገጽ ቅንብር) ዲፋይንድ ታይፕ ተጻፈ እንበል፤ ውስጡ የሎግ ማውጫ የሚፈጥር ፋይል ሪሶርስ አለ፣ ታይትሉም በቀጥታ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ያለ ችግር ይሠራል። ኮዱ ለወራት ሲሠራ ይከርምና ሁለተኛ ድረ ገጽ የተጨመረ ዕለት "ዱፕሊኬት ዲክላሬሽን" (ሁለቴ ታውጇል) የሚል ስህተት ይመጣል። በአንድ ክፍል ሁለት አበበ ሲኖር አስተማሪው የአባት ስም እንደሚጨምረው፣ በዲፋይንድ ታይፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሪሶርስም የታይትል ተለዋዋጩን በስሙ ውስጥ መያዝ አለበት። ሁሉም ድረ ገጾች የሚጋሩት ነገር፣ ለምሳሌ የኤንጂንኤክስ (የድር ሰርቨር ሶፍትዌር) ፓኬጅ፣ ከዲፋይንድ ታይፑ ወጥቶ ክላስ ውስጥ ይግባ።

ታይትሉን ብቻ ለይቶ ፓዙን (ፋይሉ ያለበትን ቦታ) አንድ ማድረግም አያድንም። ሁለት ፋይል ሪሶርሶች ታይትላቸው ተለያይቶ ፓዛቸው ከተገናኘ፣ ካታሎጉ በዋናው የፐፔት ሰርቨር ላይ ያለ ኮሽታ ይጠናቀርና ኤጀንቱ (በየሰርቨሩ ላይ ካታሎጉን የሚተገብረው ፕሮግራም) ሊተገብረው ሲል ይወድቃል። ስለዚህ የማጠናቀር ፈተና ማለፉ ብቻ አያስተማምንም።

በተራ ቁጥር መሰየም

እ.ኤ.አ. በ2015 ፐፔት 4 ከወጣ ወዲህ ኢች በሚባለው ዙር በዝርዝር ላይ መሄድ የተለመደ ነው። ዙሩ ተራ ቁጥርም ስለሚሰጥ "ሳይት 0"፣ "ሳይት 1" እያሉ መሰየም ያጓጓል። ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ሲወጣ ግን የቀሩት ሁሉ ስማቸው አንድ አንድ ይወርዳል፤ የእያንዳንዱ ፋይል ይዘት ይለወጣል፣ መጨረሻ ላይ የነበረው ፋይልም ባለቤት አልባ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ይቀራል። በዝርዝር ፈንታ ሃሽ (እያንዳንዱ ነገር በቁልፍ የሚጠራበት ስብስብ) ተጠቀሙና ቁልፉን፣ ማለትም የዶሜን ስሙን፣ ታይትል አድርጉት።

"ካለ ዝለለው" ማለት

ሁለት ሞጁሎች (የፐፔት ኮድ ጥቅሎች) አንድ ፓኬጅ ሲፈልጉ ዲፋይንድ በሚባለው ፈንክሽን "ቀድሞ ካልታወጀ አውጅ" ብሎ መጻፍ ይወደዳል። መልሱ የሚወሰነው በየትኛው ኮድ ቀድሞ መነበብ ነው፤ ዛሬ የሠራው የሞጁል ቅደም ተከተል ሲቀየር ይሰበራል። በስታንዳርድ ላይብረሪው ያለው ኢንሹር ፓኬጅስ የሚባለው ፈንክሽንም የሚጠቅመው ሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ፓራሜትር ሲጠቀሙበት ነው። ለተጠቃሚ አካውንቶች የተሻለው፣ ሁሉንም በአንድ ቦታ ቨርቹዋል ሪሶርስ (ታውጆ ገና የማይተገበር) አድርጎ አውጆ በሚፈለግበት ቦታ ሪያላይዝ ማድረግ፣ ማለትም እንዲተገበር መጥራት፣ ነው። ሪያላይዝ ስንት ጊዜ ቢደገም አይጋጭም።

መስመር መሰረዝን ከመደምሰስ ጋር ማምታታት

አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ አካውንቱን ከኮዱ ላይ ሰርዞ ተገላገልኩ የሚል ብዙ ነው። ከኮድ የወጣ ሪሶርስ ከካታሎጉ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ፐፔት ከዚያ በኋላ አያውቀውም፣ አካውንቱ ግን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። አካውንቱ በኮዱ ላይ ኢንሹር አብሰንት (እንዳይኖር ይደረግ) ተብሎ፣ በእረፍት ላይ የነበሩ ሰርቨሮች ሳይቀሩ ሁሉም እስኪደርሳቸው መቆየት አለበት። ኤጀንቱ በነባሪ በየ30 ደቂቃው ይሠራል።

ሌላው መንገድ ፐርጅ ነው፦ ካታሎጉ ውስጥ የሌለ ሁሉ ይጥፋ ማለት። ኃይለኛ መሣሪያ ነው፣ እኔም ለማውጫዎች እወደዋለሁ፤ ለተጠቃሚዎች ግን የሲስተም አካውንቶችን የሚያስቀረውን ቅንብር ሳታበሩ አትንኩት። የአፓቼ ሞጁሉ በነባሪ ፐርጅ እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ደግሞ በእጁ የጻፋቸውን ቨርቹዋል ሆስቶች በመጀመሪያው ዙር ያጣቸዋል።

ፐርጅ ከሃይራ፣ ማለትም ፐፔት የቅንብር መረጃን ከፋይሎች ከሚፈልግበት ክፍል፣ ጋር ሲገናኝ ይብሳል። ሃይራ አንድን ቁልፍ ሲፈልግ በነባሪ የሚመልሰው መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ነው፣ አያዋህድም። የቡድኑ ተጠቃሚዎች በሙሉ በጋራ ፋይሉ ውስጥ ተዘርዝረው ሳለ፣ አንድ ሰው በአንድ ሰርቨር ፋይል ላይ በዚያው ቁልፍ አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቢጨምር የዚያ ሰርቨር ዝርዝር አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ፐርጅ ከሌለ ማንም ልብ አይልም፤ ነባሮቹ አካውንቶች ሰርቨሩ ላይ ስላሉ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ፐርጅ ካለ ግን የቡድኑ አካውንት በሙሉ ይጠፋል። ሉክአፕ ኦፕሽንስ በሚባለው የሃይራ ቅንብር ሃሽ ወይም ዲፕ የሚለውን የማዋሃድ ስልት ወስኑ፤ ፐርጅ ከማብራታችሁም በፊት በኖ-ኦፕ (ምንም ሳይለውጥ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ እንዲያሳይ) አሂዱና ሊጠፋ የተዘጋጀውን አንድ በአንድ አንብቡ።

ኤክስፖርት በሚደረግ ሪሶርስ ላይ የሰርቨሩን ስም መርሳት

ኤክስፖርት የሚደረግ ሪሶርስ አንዱ ሰርቨር አውጆት ሌላው የሚሰበስበው ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ለሞኒተሪንግ ሰርቨሩ የራሱን ቼክ በፐፔትዲቢ (በፐፔት ዳታቤዝ) በኩል ሲልክ፣ ታይትሉ በተሰበሰቡት ሁሉ መካከል ልዩ መሆን አለበት። "የዲስክ ቼክ" ብቻ ብለው ሁለት ሰርቨሮች ከላኩ ላኪዎቹ ምንም አይሆኑም፤ የሚወድቀው የሰብሳቢው ካታሎግ ነው። ስህተቱ የሚታየው ጥፋተኛው ባልሆነ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ፍለጋው ያደክማል። የሰርቨሩን ሰርትኔም (ፐፔት ሰርቨሩን የሚለይበት ስም) ታይትሉ ውስጥ አስገቡ።

ሰርቨሩ ከአገልግሎት ሲወጣም ፐፔት ኖድ ዲአክቲቬት የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ፤ አለዚያ የሞተው ሰርቨር ቼክ መሰብሰቡ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላም ሞኒተሪንግ ሰርቨሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የቼክ ፋይል በራሱ አይጠፋም፤ ማውጫው ላይ ፐርጅ ከሌለ በእጅ መሰረዝ አለበት።