ብርቅዬ የሶል ሸክላ ስትገዙና ታሪኩን ስታጣሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2020 አንዲት በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር (በአጭሩ «45» የምትባል) ሸክላ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠች። ዘፋኙ ፍራንክ ዊልሰን ነው፣ ዘፈኑ ደግሞ «ዱ አይ ላቭ ዩ»። የአሜሪካው አሳታሚ ሞታውን በ1965 «ሶል» በሚባለው ንዑስ ስያሜው (ሌብሉ)፣ በቁጥር 35019፣ ጥቂት ናሙና አሳትሞ ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ለገበያ ሳያወጣው ቀረ። ናሙናዎቹም አብዛኞቹ ተወገዱ። ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንዲህ ያለ ዋጋ ያመጡት በ1970ዎቹ የሰሜን እንግሊዝ ወጣቶች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሰሚ አጥቶ የቀረውን የ1960ዎቹ ሶል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ፣ እየፈለጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩበት ነበር። ኖርዘርን ሶል የሚባለው ይሄ ነው። ዲጄዎቹ ማንም የሌለውን ሸክላ ለማግኘት አትላንቲክን ተሻገሩ። ፈላጊ ሲበዛ ፎርጅዱም አብሮ በዛ። ስለዚህ በዚህ ገበያ ውስጥ ገንዘብ የሚያስበላው ብዙ ጊዜ ጆሮ አይደለም፤ አለማጣራት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ካልተናገርኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፤ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

የዘፈኑን ዓመት ለሸክላው መስጠት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይሄ ነው። ሻጩ «1965» ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም፣ ዘፈኑ የ1965 ነው። ሸክላው ግን የመቼ ነው?

የፍራንክ ዊልሰንን እንውሰድ። የ1965ቱ ናሙና አለ። በ1970ዎቹ ያለፈቃድ የታተመ ቅጂ አለ። በ1979 ደግሞ የሞታውን የእንግሊዝ ስያሜ የሆነው ታምላ ሞታውን በቁጥር ቲኤምጂ 1170 በሕግ አወጣው። ሦስቱም ላይ የምትሰሙት ያንኑ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቤት ይገዛል። የ1979ኙን ግን ተራ ሰው አጠራቅሞ ሊገዛው ይችላል፤ ደግሞ በጣም ጥሩ ሸክላ ነው፣ እኔ ብሆን ያለ ሐፍረት እገዛዋለሁ። ችግሩ የሦስተኛውን ዕቃ በአንደኛው ዋጋ መግዛት ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የተቀዳበት ቀንና የወጣበት ቀን ይለያያሉ። ማርቪን ጌይ «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን»ን በ1967 መጀመሪያ አካባቢ ቀድቶ ነበር። ሞታውን አስቀመጠው። በዚያው ዓመት መስከረም የግላዲስ ናይት ቅጂ ወጣና ተወደደ። የማርቪን ለሕዝብ የደረሰው በ1968 ነው። ስለዚህ «ቀድሞ የዘፈነው ማነው?» እና «ቀድሞ የወጣው የማን ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መዝገብ ስትይዙ ለሁለቱም የየራሳቸው ቦታ ስጧቸው። ለሸክላው የታተመበትን ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ አድርጉት።

ወረቀቱን አምኖ ባዶውን ቦታ አለማየት

መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማንም ማተሚያ ቤት አስመስሎ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ ቁጥሩን ገልብጦ መለጠፍ ነው። የሸክላው እውነተኛ መታወቂያ ያለው ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ወረቀቱ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ነው። እዚያ ላይ የተጫሩና የተመቱ ቁጥሮችና ምልክቶች አሉ። ብርሃን ሥር አዘንብላችሁ ካያችሁት ይነበባል።

ምን ይነግራችኋል? ሎስ አንጀለስ የነበረው ሞናርክ ፋብሪካ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይጭርና ከጎኗ ተከታታይ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ ሸክላው በየትኛው ጊዜ እንደተሠራ ይጠቁማል። በክብ ውስጥ የኤምና የአር ፊደሎች ተመትተው ካያችሁም የሞናርክ ነው። አርሲኤ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ሸክላ ኩባንያ ለሌሎች አሳታሚዎች ሲሠራ ደግሞ ቁጥሩን በዓመት ፊደል ይጀምረዋል። አር 1964፣ ኤስ 1965፣ ቲ 1966፣ ዩ 1967 ነው። «የ1965 ኦሪጅናል» ተብሎ በቀረበ ሸክላ ላይ ዩ የሚል ፊደል ካገኛችሁ ለሻጩ አንድ ጥያቄ አላችሁ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ሠሪው ዋናው የብረት ማተሚያ የለውም። ከሌላ ሸክላ ቀድቶ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ በኦሪጅናሉ ላይ በማሽን የተመታው ምልክት በእሱ ላይ ወይ ጭራሽ አይኖርም፣ ወይ በእጅ ተጭሮ ይገኛል። በእጅ መጫሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም። ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች ኦሪጅናላቸውንም በእጅ ነው የጫሩት። መታየት ያለበት የዚያ የተወሰነ ሸክላ ኦሪጅናል ምን ይመስላል የሚለው ነው።

ከምን እንደተሠራም እዩ። ሞናርክን ጨምሮ አንዳንድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች 45ቱን ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነበር የሚሠሩት። ስታይሪን ደረቅ ነው፣ አይተጣጠፍም፣ ወረቀቱም ከተሠራ በኋላ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ኦሪጅናሉ በስታይሪን ብቻ የወጣ ከሆነና የእናንተው እንደ ላስቲክ እሺ የሚል ቪኒል ከሆነ፣ አትክፈሉ። በነገራችን ላይ ስታይሪን መጥፎ መርፌ አይችልም። ያረጀ መርፌ ጥቂት ጊዜ ካለፈበት ሹክሹክታው አይለቀውም። ከማጫወታችሁ በፊት መርፌያችሁን ለውጡ።

ሻጩ የባዶውን ቀለበት ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። «ዕቃው ሩቅ ነው»፣ «ካሜራዬ አያነሳም» ካለ ነገሩ ገብቷችኋል።

ትንንሾቹን ምልክቶች መናቅ

አንዳንዱ ፎርጅድ ወይም ድጋሚ ህትመት ራሱን ያጋልጣል። በክብ ውስጥ ያለችውን የፒ ፊደል ፈልጉ። አሜሪካ የድምፅ ቅጂን በፌዴራል ሕግ መጠበቅ የጀመረችው ከየካቲት 1972 ወዲህ ለተቀዱት ነው፣ ምልክቷም ከዚያ ጋር መጣች። የአሜሪካ ሸክላ ሆኖ «1966» ተብሎ ያቺ ፒ ካለችበት፣ የ1966 ህትመት አይደለም። እንግሊዝ ግን ምልክቱን ቀደም ብላ ስለተጠቀመችበት በእንግሊዝ ሸክላ ላይ ይህን ሕግ አትጠቀሙበት።

የስታክስን ደግሞ በምልክቱ ትለዩታላችሁ። ሜምፊስ የነበረው ይህ ኩባንያ እስከ 1968 ድረስ አትላንቲክ በሚባለው የሸክላ ኩባንያ በኩል ነበር የሚያከፋፍለው። በዚያን ጊዜ 45ቱ ሰማያዊ ወረቀት ነበረው። በ1968 ከአትላንቲክ ሲለያይ ጣቱን የሚያጮኸው እጅ ያለበት ቢጫ ወረቀት መጣ። የ1966 ዘፈን በጣት ምልክቱ ሥር ካያችሁት የመጀመሪያው ህትመት አይደለም፣ ክርክር አያስፈልገውም።

የዘፋኙን ስም እንደተጻፈ መቀበል

ዊጋን ካሲኖ የሚባለው የሰሜን እንግሊዝ ጭፈራ ቤት ከ1973 እስከ 1981 የኖርዘርን ሶል መዲና ነበር። እዚያ ዲጄዎች ብርቅ ሸክላ ሲያገኙ ስሙን ይደብቁት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት ይለጥፉና ዘፈኑን በሐሰት ስም ያስተዋውቁታል። ተፎካካሪያቸው ሄዶ እንዳይገዛ ነው። የፍራንክ ዊልሰን ዘፈን መጀመሪያ የታወቀው «ኤዲ ፎስተር» በሚል ስም ነው። ፎርጅዱም በዚሁ ስም ወጣ።

ስለዚህ አንድ ሸክላ በምንም መዝገብ ላይ አልገኝ ካላችሁ፣ ዘፋኙ ስላልኖረ ሊሆን ይችላል። በደራሲው ስም፣ በፕሮዲውሰሩ፣ በሙዚቃ መብት አስከባሪው ድርጅት ስም ፈልጉ። ሐሰተኛውን ስምም ከመዝገባችሁ አታጥፉ፤ የሸክላው ታሪክ አካል ሆኗል።

ርዕስ ስለገጠመ ብቻ «አገኘሁት» ማለት

ግሎሪያ ጆንስ «ቴንትድ ላቭ»ን በ1965 በቻምፒዮን ስያሜ አወጣችው፣ ያውም በጀርባ ገጽ። አልተሸጠም። አንድ የእንግሊዝ ዲጄ በ1973 አሜሪካ ውስጥ አገኘውና ክለቦቹን አነደደው። በ1976 እሷው ራሷ እንደገና ዘፈነችው። ያው ርዕስ፣ ያቺው ሴት፣ ሌላ ቅጂ። በ1981 ደግሞ ሶፍት ሴል የተባሉት እንግሊዞች ዘፍነውት ዓለም ሁሉ ሰማው። ገዢው «ቴንትድ ላቭ፣ ግሎሪያ ጆንስ» የሚለውን አንብቦ ከከፈለ የ1976ቱ ሊላክለት ይችላል። የስያሜውን ቁጥር ሳታዩ አትክፈሉ፤ የቻምፒዮኑ 14003 ነው። የጀርባውን ገጽም አትርሱ። የሶል ሰብሳቢ ከፊት ይልቅ ከጀርባ ብዙ አትርፏል።

ናሙና ሁሉ ብርቅ ነው ብሎ ማሰብ

ነጭ ወረቀት ያለው፣ «አይሸጥም» የሚል የሬዲዮ ናሙና ሲታይ ልብ ይዘላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ያልተሳካለት ዘፈን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ናሙናው ለየጣቢያው ተልኮ ተበትኗል፣ ለሱቅ የሚሆነው ግን ፈላጊ ስላጣ ጥቂት ብቻ ታትሟል። እንዲህ ሲሆን ብርቁ ባለቀለም ወረቀቱ ነው።

የተጠየቀውን ዋጋ እንደ ገበያ ዋጋ መቁጠር

መጠየቅ ነፃ ነው። የሚታየው የተሸጠበት ነው። ፖፕሳይክ የሚባለው ድረ ገጽ ያለፉ ጨረታዎችን ያስቀምጣል፣ ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ መዝገብና መገበያያ ድረ ገጽም የሽያጭ ታሪክ አለው። የጥራት ደረጃውንም አብራችሁ አንብቡ። በተለመደው አሠራር «ቪጂ ፕላስ» (ያገለገለ ግን ደህና) የተባለ ሸክላ አዲስ ከሚመስለው ግማሽ ገደማ ያወጣል። ሻጩ ደረጃውን የሰጠው በዓይኑ ነው ወይስ አጫውቶ ሰምቶ? ይህንን ጠይቁ።

ዲስኮግስን እንደ ወንጌል መያዝ

ዲስኮግስ ትልቅ ነገር ነው፣ ያለ እሱ መሥራት ከባድ ነው። ግን መረጃውን የሚያስገቡት እንደ እኛው ያሉ ተጠቃሚዎች ናቸው። አንዱ በግምት የጻፈውን ዓመት ሌላው ይጠቅሰዋል፣ ከዚያ ብሎግ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሻጩ ያንን ብሎግ ማስረጃ አድርጎ ያመጣዋል። ክቡን ዞሮ መጣ።

የሶል ሸክላ የወጣበትን ሳምንት ማወቅ ከፈለጋችሁ የዚያን ዘመን የንግድ መጽሔቶች ተመልከቱ። ቢልቦርድ፣ ካሽ ቦክስ እና ሬከርድ ወርልድ በየሳምንቱ አዲስ የወጡትን ይገመግሙ ነበር፣ ማስታወቂያም ነበራቸው። የቆዩ እትሞቻቸው ተቃኝተው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። እዚያ የታየ ሸክላ ከዚያ ቀን ብዙም ሳይርቅ ወጥቷል። ካልታየ ግን አልወጣም ማለት አይደለም። ትንንሽ አሳታሚዎች ማስታወቂያ የሚከፍሉበት ገንዘብ አልነበራቸውም።

የአገራችንን ሸክላ ስታጣሩ አቆጣጠር ማቀላቀል

ይህ የእኛው ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች የሶልንና የፈንክን ድምፅ ወስደው የራሳቸው ስላደረጉት፣ የሶል ሰብሳቢዎች ሸክላዎቻቸውን አጥብቀው ይፈልጋሉ። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን በ1969 ከፈተ፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴንም ሥራ አሳተመ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ የታተሙት ህንድ ነው። ስለዚህ የህንድን ስም ያየ ሰው «ፎርጅድ ነው» ብሎ ከመጣሉ በፊት ይረጋጋ።

አሁን የሙላቱ አስታጥቄን ሸክላ አስቡ። «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሥራዎቹን በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ በወርዚ ሪከርድስ አወጣ። ያ በእኛ 1958 ገደማ ነው። በአምሃ ሪከርድስ የወጣው የኢትዮ ጃዝ አልበሙ ደግሞ የ1974 ነው፣ በእኛ 1966 ገደማ ማለት ነው። አንድ አዲስ አበባ ያደገ አጎት «የሙላቱ የ66 ሸክላ አለኝ» ቢላችሁ፣ ያ የካቲት 66 የሚባለው 66 ነው። አንድ የፓሪስ ሻጭ ያንኑ ቢላችሁ ግን ስለ ኒውዮርኩ ነው የሚያወራው። ዋሽንግተን ያለ የአገር ልጅ ሲነግራችሁ ደግሞ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ከዓመቱ አጠገብ ጻፉት።

ድጋሚ ህትመቱንም ለዩ። የማህሙድ አህመድን «እረ መላ መላ» የቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ በ1986 ለአውሮፓ አቀረበው። ብዙ ፈረንጅ ዘፈኑን ያወቀው በዚያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ካይፋ የሚባለው አሳታሚ ያወጣው ሸክላ እንደነበረ አይጽፍም። እናንተ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን አማርኛ ማንበብ ትችላላችሁ። ዘፋኙን፣ ባንዱን፣ ርዕሱን እንዳለ ገልብጡ። በፈረንጅ ፊደል ሰው ሁሉ እንደፈለገው ስለሚጽፈው አንዱ ዘፋኝ በአንድ መዝገብ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል።