የተተከለ ጥርስ ለምን ይወድቃል? ከባክቴሪያ እንዴት እንጠብቀው?

የተተከለ ጥርስ አይበሰብስም፤ ሥሩ የቲታኒየም ብሎን ነውና። ብዙ ሰው ግን "ብረት ምን ይሆናል" ብሎ ማጽዳቱን ይተወዋል። የሚታመመው ብሎኑን የያዘው ድድና አጥንት ነው።

የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በጅማት ይያያዛል፤ የድዱም ክሮች ሥሩ ላይ ይሰካሉ። በተተከለው ጥርስ ዙሪያ ይህ ጅማት የለም፤ ክሮቹም ከብሎኑ ጎን ይተኛሉ እንጂ አይሰኩበትም። ስለዚህ ባክቴሪያ ከድድ ሥር ከገባ ወደ አጥንቱ ለመውረድ ብዙ የሚያግደው ነገር የለም። መጀመሪያ በጥርሱ አንገት ላይ ስስና የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራል። ሳይነሣ ሲቀር ይወፍራል፤ ከሥሩ አየር ይጠፋና እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከታመመ የጎረቤት ድድም ይሻገራሉ፤ የድድ በሽታ ያለበት ሰው ከመትከሉ በፊት ያንን ይታከም።

ጠዋትና ማታ ለ2 ደቂቃ በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹ። ፀጉሩን ወደ ድዱ አዘንብለው በአጭር በአጭሩ ያንቀሳቅሱት። በምላስ በኩል ያለው ጎን ነው ሁልጊዜ የሚረሳው። ማታ ደግሞ በጥርስ መሐል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ ይጨምሩ፤ ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፣ ራቁት ሽቦ ቲታኒየሙን ይጭረዋል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይነኩ ሰዎች የማታውን ጽዳት ፈጽሞ አያሳልፉት።

በጎጃም መፋቂያ የተለመደ ነው። ለሌሎቹ ጥርሶች ይጠቀሙበት፤ ወደተተከለው አንገት ግን አያስጠጉት። ታኝኮ የላላው ጫፍ ክር ጥሎ ድድ ሥር ሊቀር ይችላል፤ ስንጥርም እንዲሁ ነው። በአረቄ መጉመጥመጥ ደግሞ ድድ ያቃጥላል፣ ሽፋኑንም አያነሣም። ክሎሮሄክሲዲን የተባለው ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫ ሐኪም ባዘዘው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ2 ሳምንት ሲያልፍ ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕም ያበላሻል።

አደጋው ሳያም መምጣቱ ነው። ቦርሸው ሲጨርሱ ብሩሹን በብርሃን ይዩት፤ ፀጉሩ ላይ ሮዝ ቀለም ካለ ድዱ ደምቷል። ድዱን በንጹሕ ጣት ከሥሩ ወደ ጥርሱ አንገት ጫን ሲሉት መግል ከወጣ ቀን አይስጡት። መድማት ብቻ ሲሆን በጥሩ ጽዳት ይመለሳል፤ የተበላ አጥንት ግን እንደነበረ አይመለስም። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይደለም፤ ሽፋኑ መድኃኒቱን ስለሚያግደው ሐኪም በመሣሪያ ሊያነሣው ይገባል።

ዘውዱ፣ ማለትም ከብሎኑ በላይ የሚታየው የጥርሱ ክፍል፣ በስሚንቶ የተጣበቀ ከሆነ ከድድ ሥር የቀረ ትርፍ እንዳለ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ያች ትንሽ ስብርባሪ ባክቴሪያ ታስጠልላለች። ዘውዱ በገባ ቀን ራጅ ያስነሡና ፎቶውን በስልክዎ ይያዙ። ከሞጣ ወይም ከብቸና ባሕር ዳር ድረስ ሄደው የተከሉ ከሆነ ወደፊት የሚያይዎት ሌላ ሐኪም አጥንቱ ምን ያህል እንደወረደ የሚለካው ከዚያ ጋር አስተያይቶ ነው። ምርመራው በ6 ወር አንዴ ነው፤ ለሚያጨስ፣ ስኳር ላለበት፣ ድዱ ታሞ ለነበረ ከ3 እስከ 4 ወር።

ጥርሱ ቢነቃነቅ በራስዎ አያጥብቁት፣ በዚያ ጎንም አያኝኩ። ዘውዱን የያዘው ትንሹ ብሎን ላልቶ ከሆነ ሐኪሙ አጥብቆ ይመልሰዋል፤ አጥንት ውስጥ ያለው ብሎን ራሱ ከተነቃነቀ ግን ተነቅሎ ቦታው እስኪድን መጠበቅ ያስፈልጋል።