የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧቸው ለጠበበ ወላጆች፦ ስለ ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንወስን፣ እንዴትስ እንዘጋጅ?

ቡና እየጠጡ ሲጨዋወቱ የነበሩ አባት ድንገት ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ያመልጣል፤ አፋቸውም ይኮላተፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ሲመለስላቸው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ፣ ቤተሰቡም ይረጋጋል። ነገር ግን እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ምልክት፣ ወይም አንድ ዓይንን ለጥቂት ደቂቃ እንደ መጋረጃ ሸፍኖ የሚገለጥ ጨለማ፣ በቀናት ውስጥ ሊከተል የሚችል ከባድ ስትሮክን የሚጠቁም ስለሆነ፣ ቢሻላቸውም እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

መንስኤው ካሮቲድ በሚባለው የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ፣ ከመንጋጋ በታች በሚከፈልበት ቦታ ላይ የተጋገረ ስብ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የሚላቀቅ ቁራጭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ጥበቱ በአልትራሳውንድ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በሲቲ ስካን ይለካል። ሐኪሙን «ስንት በመቶ ጠቧል?» ብለው ይጠይቁ። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ቧንቧውን ከፍቶ ስቡን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና አይጠቅምም። ምልክት ታይቶ ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የሰሜን አሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 100 ሰዎች በ2 ዓመት ውስጥ 26ቱን ቧንቧው በጠበበበት ወገን ስትሮክ ሲመታቸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን 9ኙን ብቻ ነው። ይህ ጥቅም እየዋለ ሲያድር ስለሚቀንስ ቀዶ ሕክምናው ምልክቱ በታየ በ2 ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል።

«በዚህ ዕድሜያቸው ቢላዋ አይንካቸው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ልባቸውና ሳንባቸው የሚችል ከሆነ ግን ምልክት የታየባቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከወጣቶቹ ያላነሰ ይጠቀማሉ። ከ70 ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ በእግር በኩል የሚገባው ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ከቀዶ ሕክምናው ይበልጥ ለስትሮክ ያጋልጣል። ቀዶ ሐኪሙን «ካከሟቸው 100 ሰዎች ስንቱ ስትሮክ መታቸው ወይም ሞቱ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ምልክት ለታየባቸው ከ6፣ ላልታየባቸው ከ3 መብለጥ የለበትም። ምልክት ያልታየባቸው ወላጆች ቢያንስ 5 ዓመት በሕይወት ይቆያሉ ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ፣ በእኔ እምነት መድኃኒቱ ይበቃቸዋል።

ለቀጠሮው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር አስፒሪንና ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) አይቋረጡም፤ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ይናገሩ። በጾም ምክንያት የጠዋቱን ክኒን የሚያዘገዩ ከሆነም አይደብቁ።

ቀዶ ሕክምናው አንገት ብቻ ደንዝዞ ሊደረግ ይችላል፤ ያኔ ቧንቧው ለሥራው ሲባል ለጊዜው ሲታገድ አንጎላቸው በቂ ደም ማግኘቱ የሚታወቀው «እጄን ጨብጡኝ፣ ተናገሩ» ሲባሉ በሚሰጡት ምላሽ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የምትታከም አማርኛ ብቻ የምትናገር እናት ያለ አስተርጓሚ ልትገባ አይገባም፤ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የድምፅ መጎርነን፣ የምላስ መጣመም ወይም የመንጋጋ አካባቢ መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። አንገት አብጦ ትንፋሽ ካጠረ፣ በተቀደደው ወገን ከባድ ራስ ምታት ከተነሳ፣ ወይም የስትሮክ ምልክት ከታየ ግን፣ ቤት ከገቡ ሳምንት ቢያልፍም እንኳ፣ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ።