ዓድዋን ሳሎን ውስጥ፦ የጦር ሜዳ ጠረጴዛ ከነወታደሮቹ እንዴት ይሠራል?

ይሄኛው ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ቀለጠ፤ ሁለተኛው ሻገተ። አሁን ያለው ከሶፋው ጀርባ በስድስት ቁራጭ ተደርድሮ ይኖራል፤ እንግዳ ሲመጣ ነጠላ ይለብሳል።

የማወራው ስለ ጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩ ተራራና ሸለቆ፣ ትናንሽ ወታደሮች፣ አንድ ማስመሪያ፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ። ወታደር በአንድ ተራ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድ ሕጉ ይነግራችኋል። ፈረንጆቹ የዋተርሎን ወይም የጌቲስበርግን ውጊያ ይሠራሉ። እኔ ዓድዋን መረጥኩ። እዚያ መሬቱ ካልገባችሁ ውጊያውም አይገባችሁም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የጣሊያን ብርጌዶች በየአቅጣጫው ደርሰዋል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያይም። በመካከላቸው ተራራ አለ። ስለዚህ የምትሠሩት ተራራ ከማማሩ በፊት መከለል አለበት።

ዕቃው

ነጭ ፎም ያስፈልጋችኋል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበትን ማለቴ ነው እንጂ የፍራሹን አይደለም። አዲስ አትግዙ። ቆራሌው ጋር፣ ምናለሽ ተራ፣ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጥ ሱቅ ጓሮ በነፃ ይገኛል። ሌላው፦ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ነጭ የአናጢ ኮላ፣ ምላጩ የሚወጣና የሚገባ መቁረጫ፣ ስቱኮ፣ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም፣ ሶፍት፣ ሁለት ፓኮ ስቴኪኒ፣ አንድ ጥቅል ፋሻ። ምላጩ ላይ አትቆጥቡ። ፎም ሲቆረጥ ምላጭ ቶሎ ይደንዛል፤ የደነዘ ምላጭ ደግሞ ፎሙን አይቆርጠውም፣ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፍረዋል። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ነጭ ፍርፋሪ ከምንጣፍ ስትለቅሙ ትኖራላችሁ።

መሠረቱ

ኮምፔንሳቶውን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በስድስት አስቆርጡ። ሲገጣጠም 120 በ180 ይሆናል። አንድ ወጥ ጠረጴዛ የሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ቤት ሲለቅቅ በሩ አላሳልፍ ብሎት በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። ቆራርጦ መገጣጠም ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ፕሩሳዊው ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 እ.ኤ.አ. የራሱን የጦር ሜዳ ጨዋታ ለንጉሡ ሲያቀርብ መሬቱን የሠራው በሚገጣጠሙ ካሬ ቁራጮች ነበር፤ በማንኛውም አቅጣጫ ይደረደራሉ።

ኮምፔንሳቶውን በሁለቱም በኩል ቀለም ቀቡት። የላዩን ብቻ ከቀባችሁ በርጥበቱ ይጣመማል።

ስኬሉ፦ እዚህ ጋ ረጋ በሉ

ሌላው ሁሉ እጅ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ይሄ ነው፤ እኔንም ሁለት ጊዜ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

በመሬቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ይሁን። ጠረጴዛችሁ 12 በ18 ኪሎ ሜትር ያዘ ማለት ነው፤ ለዋናው ውጊያ በቂ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ቁመቱስ? ሶሎዳ ተራራ ከዓድዋ ከተማ በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይነሳል። በዚሁ ስኬል 5 ሴንቲ ሜትር መጣ። 100 ሜትር የሆነ ኮረብታ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር። የእኔ ወታደር ከነመቆሚያው አንድ ተኩል ነው። ወታደሩ ከኮረብታው በለጠ! የመጀመሪያ ሥራዬ ብጉር የወጣበት ግንባር ይመስል ነበር።

ተናደድኩና ቁመቱን በአምስት አበዛሁት። ሶሎዳ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ምንም ነገር አይቆምበትም። ወታደሩን ታስቀምጡታላችሁ፣ ይንሸራተታል፤ ታነሱታላችሁ፣ ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል።

የሚሠራው ቁመቱን በሁለት ማብዛት ነው። ያኔ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም 50 ሜትር ከፍታ ይሆናል። ሶሎዳ አሥር ንብርብር፣ ትንሹ ኮረብታ ሁለት ንብርብር። ዓይን አይታለልም፣ ወታደርም ይቆማል።

ከፍታውን ከየት ታመጣላችሁ? ጉግል ኧርዝ ላይ ቀስቱን ተራራው ላይ ስታደርጉ ከታች ከፍታውን በቁጥር ይጽፍላችኋል። በየ50 ሜትሩ ነጥብ አድርጉና ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ። ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የተማርናት ኮንቱር መስመር ናት፤ ያኔ ለምን እንደምትጠቅም የነገረን አልነበረም። ካርታውን በ1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር አትማችሁ በፕላስተር አያይዙ። እያንዳንዱን የኮንቱር ቅርጽ በመቀስ አውጡና ፎሙ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከድሮ የውጊያ ንድፍ ላይ ተራራ አትቅዱ። እኔ ቀድቼ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ያለ ቦታው አጣበቅሁት። በኋላ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ይኸው ስህተት ጣሊያኖቹንም ጉድ ሠርቷቸዋል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ ባደለው ንድፍ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ ሌላ ነበር። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ ንድፉ ያሳየው ቦታ ላይ ደርሶ፣ እውነተኛው ገና ወደ ፊት ነው ብሎ ገሰገሰ። ሲነጋ ከጓደኞቹ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን ከምኒልክ ጦር ፊት ቆሞ ተገኘ። የእኔ ጥፋት ያስከፈለኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ማያያዝ፣ ግን ኮላ ገና ነው

ንብርብሮቹን መጀመሪያ በስቴኪኒ ብቻ ሰክታችሁ አቁሟቸው። ከዚያ ክር አምጡ። አንዱን ጫፍ ሌላው የጣሊያን ጄኔራል ዳቦርሚዳ በቆመበት በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ፣ ሌላውን አልቤርቶኔ በደረሰበት አድርጋችሁ በወታደር ቁመት ወጥሩት። ክሩ ተራራ ካልነካ ወይ ቁመት አንሷል፣ ወይ ቦታ ተሳስቷል። ከዚያም ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሉና በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ከላይ ሆኖ የተራቆተ የሚመስለው ሜዳ ከታች ሲታይ ግድግዳ በግድግዳ ይሆናል። እኔ የዚያን ቀን የጄኔራሎቹ ግራ መጋባት የገባኝ በጉልበቴ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ነው።

ቁራጭ ከቁራጭ የሚገናኝበትን ጠርዝም አሁኑኑ እዩት። በአንዱ ላይ ሦስት ንብርብር የሆነ ኮረብታ በጎረቤቱም ሦስት ሆኖ መቀጠል አለበት። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ካልሠራችሁት አይገጥምም።

ሁሉም ልክ ሲሆን ኮላ። ነጩን ኮላ ብቻ! የመጀመሪያውን ያቀለጥኩት በችኮላ ነው። ቶሎ እንዲይዝልኝ ብዬ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ ቀባሁበት። መጀመሪያ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ተራራው ከውስጥ መጉደል ጀመረ፤ ላዩ እንዳለ ነው፣ ሆዱ የለም። በጣቴ ስነካው ወደ ውስጥ ገባ። ቲነር ያለበት ነገር ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚረጭ ቀለምም ጭምር። ነጩ ኮላ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ተኙ።

ሲደርቅ የደረጃዎቹን ጠርዝ በመቁረጫ አዝምሙ። ቢላዋ በምድጃ አሙቆ መቁረጥ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቆርጣል፣ አዎ፣ ቅቤ እንደመቁረጥ ነው፤ ግን ጭሱ መጥፎ ነው። የምታደርጉት ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን። ሁሉንም ደረጃ ደግሞ አታጥፉ፤ ወታደር የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ ተዉ። የዓድዋ ተራሮች የድሮ እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው፤ ጎናቸው ገደል፣ እግራቸው ዘመም ያለ ነው። ስለዚህ ላዩን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ታቹን አለስልሱት። ለገደሉ የወጥ ቤት ፎይል ጨምድዳችሁ ፎሙ ላይ ጫን ጫን አድርጉ፤ ድንጋይ ይሆናል።

ቆዳው

ሶፍት አንጥፉ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ በብሩሽ አርጥቡ፣ ይድረቅ። በላዩ ኮላ የገባበት ስቱኮ በስሱ። ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ስቱኮው ሳይደርቅ የተነፋ አሸዋ በትኑበት። ወንፊቱን ከወጥ ቤት ሳትጠይቁ አትውሰዱ፤ ከልምዴ ነው።

ለአፈርነት የቡና አተላ ሲመክሩ ትሰማላችሁ። ቀለሙ እውነትም ያምራል። ሁለተኛውን ያሻገተብኝ እሱ ነው። በደንብ ሳይደርቅ በኮላ ዘጋሁበት፤ በአሥረኛው ቀን ሶሎዳ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። ከተጠቀማችሁ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት። ጤፍም ለጠጠርነት የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን ጉንዳን ይጠራል፣ በዛሬው ዋጋ ደግሞ ነውርም ነው።

ቀለሙን አረንጓዴ እንዳታደርጉት። የካቲት መጨረሻ ነው፤ ትግራይ ደርቃለች። መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር ቡናማ ቀቡ። ሲደርቅ ብሩሹን የገለባ ቀለም ውስጥ ነከር አድርጉና ምንም እስከማይተው ድረስ ጨርቅ ላይ ጥረጉት። ከዚያ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ እያስነካችሁ አሹት። ድንጋዩ ብቅ ሲል ታያላችሁ። ይሄ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ልጆችም ይችሉታል።

ለዛፍ የደረቀ የጦስኝ ቅርንጫፍ በቂ ነው፤ ግራርም ወይራም ይመስላል። ባሕር ዛፍ ግን አትትከሉ። በምኒልክ ዘመን ገና ወደ አዲስ አበባ እየገባ የነበረ ዛፍ ነው፤ ዓድዋ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?

ወታደሮቹ

የፕላስቲክ ወታደር ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። እኔ አልወደውም፤ ውድ ነው፣ ለእኛ ጦር የሚሆን ልብስም በቀላሉ አይገኝም። ስቴኪኒ ይበልጣል።

ስቴኪኒውን 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት። ጫፉን ቡናማ ቀቡ፤ ራስ ነው። ከፋሻ ጣት የማትሞላ ቁራጭ ቆርጣችሁ ኮላ ውስጥ ንከሩና ትከሻውን አልብሱት። ሲደርቅ ሸማው እጥፋቱ ሳይቀር ቆሞ ይቀራል። ለመኳንንቱ አንድ ቀይ ክር ጥለት ጨምሩ። ለጣሊያን አስካሪ፣ ማለትም ከጣሊያን ጎን ለተሰለፈው የአገሬው ተወላጅ ወታደር፣ ጫፉን ቀይ አድርጉ፤ ታርቡሽ የሚባለው ቀይ ቆብ ነው። ለጣሊያኑ ራሱ ነጭ ዶቃ ባርኔጣ ይሆናል። መድፍ ከስፒል ጭራና ከሁለት የሸሚዝ ቁልፎች።

ለሁሉም ጦር አታስይዙ። የምኒልክ ሠራዊት ብዙ ጠመንጃ ነበረው፤ ፈጣን ተኳሽ መድፍም ነበረው። ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘ ሠራዊት የምትሠሩ ከሆነ ጣሊያኖቹ ዋዜማውን የነበራቸውን ግምት እየደገማችሁ ነው።

አምስት አምስቱን በ2 በ3 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ትከሉ፤ አንዱ ካርቶን 1,000 ሰው ይሁን። ጣሊያን 17,700 ያህል ነበርና 18 ካርቶን በቃው፤ 56 መድፎቹን በአራቱ ብርጌዶች ትከፍላላችሁ። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 100 ሺህ ገደማ ነው። መቶ ካርቶን፣ አምስት መቶ ስቴኪኒ! በአንድ ቀን አትሞክሩት። እኔ በየምሽቱ አሥር አሥር ካርቶን ሠራሁ፤ በየካርቶኑ ጀርባም የማን ጦር እንደሆነ ጻፍኩ፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ እቴጌ ጣይቱ። ለፊታውራሪ ገበየሁ ለብቻው ባንዲራ አቆምኩለት።

የመጀመሪያው ጨዋታ

ከወንድሜ ልጅ ጋር ተጫወትን። ዕጣ ወጣና ጣሊያን ደረሰው። ጎንበስ ብሎ በጠርዙ አየ፣ ተራሮቹን አየ፣ ከዚያ አልቤርቶኔን ንቅንቅ አላደርግም አለ። ራዮ ተራራ አጠገብ ከሌላው ጄኔራል ከአሪሞንዲ ጋር አጣብቆት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ና አንተ» ይለኛል። እኔም አልሄድም። ሁለት ሰዓት ተፋጠጥን፤ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። አሁን የስንቅ ሕግ እየጻፍኩለት ነው፤ ያን ሰሞን ሁለቱም ጦር ስንቅ እያለቀበት ነበር።