ኦኤስፒኤፍ ከማስነሳታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ

ሁለት ራውተር ላይ ኦኤስፒኤፍን፣ ማለትም ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል፣ ማስነሳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት መቶ ሲሆኑ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። እኔ ኪቦርድ ከመንካቴ በፊት ወረቀት ላይ እስላለሁ።

መጀመሪያ ኤሪያዎቹን፣ ማለትም ኔትወርኩ የሚከፋፈልባቸውን ክፍሎች። ኤሪያ 0 መሀል ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ሁሉ እሱን ይነካሉ። ቀጥሎ ለየኤሪያው አንድ የአይፒ ክልል እመድባለሁ፤ ለኤሪያ 1 ከ10.1.0.0/16 ውጭ ዝንፍ አልልም። ያኔ ድንበር ላይ ያለው ራውተር በ«ኤሪያ ሬንጅ» ትዕዛዝ ሰብኔቶቹን (ትናንሾቹን የአድራሻ ክፍልፋዮች) በአንድ መስመር ጠቅልሎ ያሳልፋል። በራሱ አይጠቀልልም፣ ማዘዝ አለባችሁ። አድራሻው እዚህም እዚያም ከተበተነ ግን መጠቅለል የሚባል ነገር የለም። አንድ ሊንክ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ወሬው ሌላው ጫፍ ድረስ ይደርሳል።

የራውተር አይዲን፣ ማለትም ራውተሩ በኦኤስፒኤፍ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ በእጃችሁ ጻፉ። ዝም ካላችሁ የሲስኮ ራውተር ትልቁን የሉፕባክ (በሶፍትዌር ብቻ ያለ ኢንተርፌስ) አይፒ ይወስዳል፤ ሉፕባክ ከሌለ ከሚሠሩት ኢንተርፌሶች ትልቁን። ስለዚህ አንድ ቀን ጠፍቶ ሲነሳ በሌላ ስም ሊመጣባችሁ ይችላል።

ኢንተርፌሶቹን በሙሉ ፓሲቭ አድርጉ፣ ማለትም ሄሎ (ጎረቤት መፈለጊያ መልእክት) እንዳይልኩ ዝጉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ራውተር የሚሄዱትን ብቻ ክፈቱ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ተጠቃሚዎች ባሉበት በኩል ሄሎ ከተላከ፣ ማንም ራውተሩን ሰክቶ ጎረቤት ልሁን ሊል ይችላል።

ኮስት (የመንገዱ ዋጋ፤ ትንሹ ይመረጣል) ላይ ደግሞ አንድ የቆየ ወጥመድ አለ። ብዙ የሲስኮ ራውተሮች ኮስት የሚያሰሉት 100 ሜጋቢትን ለሊንኩ ፍጥነት አካፍለው ነው፤ ውጤቱም ከ1 አይወርድም። በዚህ ስሌት የ100 ሜጋ ሊንክም የ10 ጊጋ ሊንክም ኮስታቸው 1 ነው። አህያና ፈረስ እኩል ሆኑ ማለት ነው። የማነጻጸሪያውን ባንድዊድዝ (ያን 100 ሜጋቢት) 100000 አድርጉት፤ ግን ሁሉም ራውተር ላይ፣ በአንድ ሌሊት። ግማሹ ላይ ብቻ ከቀየራችሁ ትራፊኩ በማታውቁት መንገድ ይሄዳል።

ሁለት ራውተር ብቻ ያሉበትን የኢተርኔት ሊንክ በሁለቱም ጫፍ ፖይንት-ቱ-ፖይንት በሉት። አለዚያ ኢተርኔት ላይ ራውተሮች ተወካይ ይመርጣሉ፤ ለሁለት ሰው ምርጫ ምን ያደርጋል? እስከ 40 ሰከንድ የሚወስደው መጠበቅም ይቀራል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። አንድ ሌሊት አዲስ ሊንክ አነሳሁ። ፒንግ ይሄዳል። ሄሎም ይለዋወጣሉ። ጎረቤትነቱ ግን ኤክስስታርት (ዳታቤዝ መለዋወጥ የሚጀመርበት ደረጃ) ላይ ድርቅ አለ። ኬብል ቀየርኩ። ሞጁሉን ቀየርኩ። ሊነጋ ሲል ነው ያየሁት፤ አንዱ ጫፍ ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) 1500፣ ሌላው 9000። ያን 9000 የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ከሳምንት በፊት። ሄሎ ትንሽ ፓኬት ስለሆነ ያልፋል፤ ዳታቤዝ መለዋወጥ ሲጀምሩ ግን ከራሱ የሚበልጥ ኤምቲዩ የተነገረው ራውተር አልቀበልም ይላል። ልዩነቱን ችላ የሚያስብል ትዕዛዝ አለ። አልወደውም። በሽታውን ደብቆ ለሌላ ሌሊት ያቆይላችኋል።

የቢጂፒን (ኢንተርኔቱ መንገድ የሚለዋወጥበት ፕሮቶኮል) ሙሉ ሰንጠረዥ ወደ ኦኤስፒኤፍ አታፍስሱ። የኢንተርኔቱ የአይፒቪ4 ራውቶች ከ900 ሺህ በላይ ናቸው፤ ውስጥ ላሉት ራውተሮች ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ለሌለው አድራሻ ሁሉ የሚያገለግል) ይበቃቸዋል። ሁለት ፕሮቶኮሎችን በሁለት ቦታ የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ በአንዱ በር የወጣው ራውት በሌላው እንዳይመለስ ታግ (ምልክት) አድርጉበት።

ከርቀት ስትሠሩ ሲስኮ ላይ መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ራሳችሁን ከቆለፋችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ እስከዚያ ሴቭ እንዳታደርጉ ብቻ። ከተሳካ ሰርዙት። ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» ይህንኑ ያደርግላችኋል፤ ያውም ሳይጠፋ።

በመጨረሻ የጎረቤቶችን ዝርዝር እዩ። ሁሉም ፉል (ዳታቤዙን ተለዋውጦ የጨረሰ) መሆን አለበት። ብዙ ራውተሮች በአንድ ስዊች ከተገናኙ ግን ተወካይ ሆነው ያልተመረጡት እርስ በርስ ቱ-ዌይ (ሄሎ ብቻ የተለዋወጡበት ደረጃ) ላይ ይቆማሉ። ጤነኛ ነው፣ አትንኩት።